ለማን ብሎ ዘገየ?

ሰኞ ጠዋት ኮች ኔሊያ ነጭ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈችም።

“ታዲያ ምን ይጠበስ?” የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የእኛን ገንዳ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ፣ ኢሎኢሎ ከተማ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እዚያ ውሃ ዳር የምንሰበሰብ አዋቂዎች ሃያ ገደማ ነን። በወጣትነቱ ሜዳልያ ያጠለቀ የባንክ ሠራተኛ አለ። ከሁለት ወሊድ በኋላ የጠፋ ወገቧን የምትፈልግ ነርስ አለች። ዕድሜውን ሁሉ ጂፕኒ የሚባለውን የከተማችንን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ሮሚ አለ፤ ውሃ ውስጥም ግራ ቀኙን ሳያይ ነው የሚታጠፈው። እኔ ፌሊም አለሁ። አርባ ዓመት የሰው ጥርስ ስነቅል ኖሬ ጉልበቴ ሲከዳኝ ወደ ውሃ የገባሁ ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ ዝንጉርጉር ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ላይ የሚያሠራው ያ ሰሌዳ ነው።

ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን “ሁላችሁም መቶ ሜትር!” ይልና ጎበዞቹ ደርሰው ሲያዛጉ እኛ ገና መሀል ላይ እናጓራለን። እኛ ስንደርስ ደግሞ እነሱ ቀጣዩን ይጀምራሉ፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ለአሮጊት የለም። ኔሊያ የምትጽፈው ርቀት አይደለም፣ ጊዜ ነው። አራት ደቂቃ ካለች ለሁሉም አራት ደቂቃ ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ ያሉት ጉልበተኞች በዚያ ጊዜ ገንዳውን አሥር ጊዜ ያቋርጡታል፣ ሦስተኛው መስመር ስምንት፣ እኛ የአንደኛው መስመር ሰዎች አራት። ፊሽካው ሲነፋ ግን ሁላችንም እኩል ግድግዳውን ይዘን እንገኛለን። አብረን አርፈን፣ አብረን ቀጣዩን ሰምተን፣ አብረን እንነሳለን።

ይህ እንዲሠራ የእያንዳንዳችንን ትክክለኛ ፍጥነት ማወቅ አለባት። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የምትለው አንድ ነው፦ “ስለ ዕድሜያችሁ ዋሹኝ፣ ስለ ኪሏችሁ ዋሹኝ። ስለ ፍጥነታችሁ ግን እንዳትዋሹኝ።”

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዶኛ ፑሪንግን ላስተዋውቃችሁ። ከባሕሩ ማዶ ኔግሮስ ደሴት ላይ ዓይን የማይጨርሰው የሸንኮራ አገዳ እርሻ የነበራት ቤተሰብ እመቤት ናት። ገንዳ ውስጥ የምትገባው በሉል ጉትቻዋ ነው፤ የዋና ቆቧ ላይ የላስቲክ አበቦች አሉ። የእኛው አንደኛ መስመር ዋናተኛ ናት፤ ከእሷ የሚዘገይ የለም። ኔሊያን “ኮች” ብላ ጠርታት አታውቅም። “ኢንዳይ” ነው የምትላት፤ ቤቷ ያሉትን ሠራተኞችም የምትጠራው በዚሁ ነው። የኔሊያ አባት የእነዶኛን አገዳ ሲቆርጥ ኖሮ እዚያው እርሻ ላይ የሞተ ሰው ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያነሱትም።

የዶኛ ልጅ ኤስቴባን መጀመሪያ ላይ እናቱን በመኪና አድርሶ ውጭ ጋዜጣ ሲያነብ ይጠብቃት ነበር። አርባን የተሻገረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ከሠርግ ሠርግ ሲጠራ ኖሮ የራሱን ያልደገሰ ሰው ነው። የዛሬ ዓመት ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ውሃው መጣና “እኔም ልማር” አለ። ኔሊያ ሁለት ጊዜ አስመላልሳ ሰዓት ያዘችለት፤ እንደ እኛው ተንፏቀቀ፤ አንደኛው መስመር ላይ ተመደበ።

ዶኛ ፑሪንግ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ከዋና በኋላ ባቾይ ሾርባ የምንጠጣበት ቤት ቁጭ ብላ ለአስተናጋጁ ሳይቀር “ልጄ በተማሪ ቤት ዋናተኛ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ነው የሚዘገየው፤ እንዳልደነግጥ ከኋላዬ ይጠብቀኛል” ትላለች። እኛ የእናት ጉራ ነው ብለን አለፍነው። ሮሚ ብቻ “ጠባቂ ከሆነ ታዲያ ለምን ከእኔ ኋላ ይንፏቀቃል? እኔን ማን ይነካኛል?” እያለ ያሾፍ ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ አያርፍም። ጥርስ ሐኪም ሰው ሲናገር ከሚለው ይልቅ አፉ ውስጥ ያለውን ማየት ይለምድበታል። ኔሊያ የምትቆመው ሁልጊዜ አንደኛው መስመር ጋ ነው፤ ገንዳው ዳር ከእኛ ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ኤስቴባን ሲሄድ በቀኙ ይተነፍሳል፣ ሲመለስ በግራው። ማለትም ሲሄድም ሲመለስም ፊቱን የሚያዞረው እሷ ወዳለችበት ወገን ነው። እኔን እንደ ታላቅ እህት ጠርታ “ማናንግ ፌሊ፣ በሁለቱም ወገን ተንፍሺ! አንገትሽ ይጣመማል!” እያለች ታስጨንቀኛለች። ነርሷን ታርማለች፣ ሮሚን በየቀኑ ታርማለች፣ ዶኛን እንኳ በአክብሮት ታርማለች። የእሱን አተነፋፈስ ግን አንድ ቀን አላረመችም። ያን ጊዜ ነገሩን ብዙም አልመረመርኩትም፤ የሀብታም ልጅ ፈርታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሲነጋገሩም “እርስዎ” ይባባላሉ። “ክርንዎን ከፍ ያድርጉት” ትለዋለች። “እንዲህ?” ይላል፣ ክርኑን ሆን ብሎ አበላሽቶ። “እንዲህ” ብላ ክንዱን ትይዝለታለች። ክርኑ ከተቃና በኋላም ክንዱን ቶሎ አትለቀውም። ማታ ቤቴ ስገባ ባሌ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይህን እነግረው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ገንዳው ሁሉ ሲጠረጥር ያልጠረጠረችው ዶኛ ፑሪንግ ብቻ ነበረች።

አሁን ከዚያ ሰኞ በፊት ወደነበረው እሁድ ልመልሳችሁ። በሚቀጥለው እሁድ ሁላችንም ባሕሩን በዋና ተሻግረን በማንጎዋ የታወቀችው ጊማራስ ደሴት ለመድረስ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ሮሚ “ማንጎ ለመብላት ስንት ዓይነት መከራ አለ!” ይላል። ያ እሁድ ግን የልምምድ ነበር፤ ከባሕሩ ዳር ርቀን ዞረን መመለስ ብቻ ነው። ኔሊያ በፍጥነታችን ልክ በቡድን በቡድን ከፈለችን። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጀልባ፣ ከኋላ ደግሞ የደከመ የሚይዝ አንድ ጎበዝ ዋናተኛ። ለእኛ ለዘገምተኞቹ ነርሷ ተመደበች። ሌላ ትርፍ ጎበዝ አልነበረም። ኤስቴባን የተመደበው መሀላችን ነው፣ ከደካሞቹ ጋር ተቆጥሮ።

ባሕሩ ሲነሳ ያማረ ነበር። ውሃ አሳስቆ ነው የሚወስደው ይላሉ፣ እውነት ነው። ወደ መመለሻው ላይ የውሃው አቅጣጫ ሳይጠበቅ ዞረ። ሮሚ ውሃ ጠጥቶ ማሳል ጀመረ፤ ነርሷ ወደ እሱ ሄደች፤ ጀልባውም ወደ እሱ ዞረ። እኔ አንገቴን ሳቀና ከኋላዬ መሆን የነበረባቸው የላስቲክ አበቦች የሉም። ርቀው፣ በጣም ርቀው ወደ ጎን እየሄዱ ነው። አንድ እጅ ከውሃው ወጣ፣ ተመልሶ ገባ።

“ሳንታ ማሪያ! ዶኛ!” ብዬ ጮኽኩ።

ያኔ ከፊቴ የነበረው ሰው ዞረ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ያ ዓመት ሙሉ ከሮሚ ኋላ ሲንፏቀቅ የኖረ ሰው በውሃው ላይ በረረ። ክንዶቹ ሲገቡ ድምፅ የላቸውም፤ ውሃው የሚከፈትለት ይመስላል። የባንክ ሠራተኛው እንኳ ቆሞ አፉን ከፍቶ አየው። ጀልባው ሲደርስ ኤስቴባን እናቱን በደረቱ ይዞ ተንጋሎ እየቀዘፈ ነበር።

አሸዋው ላይ ሁሉም አጨበጨበ። ሰው አለቀሰ፣ ሰው ሳመው። ዶኛ ፑሪንግ ፎጣ ተከናንባ እየተንቀጠቀጠች “አላልኳችሁም? አላልኳችሁም? ለእኔ ብሎ…” ትላለች። ኔሊያ ብቻ አላጨበጨበችም። ቀርባው ቆመች፤ ፊቷ ደም የለውም።

“ያ ምንድነው?” አለችው።

“እማዬ ስትወሰድ ሳይ…”

“እሱን አይደለም የምጠይቅህ። ያ ፍጥነት ከየት መጣ?”

“የምጠይቅህ” አለችው። ዓመት ሙሉ “እርስዎ” ሲባባሉ ኖረው “አንተ” የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው በቁጣ ነው። እሱም ሰምቶታል፤ ዓይኑ ላይ አየሁት።

“ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለቡድኑ እዋኝ ነበር” አለ ቀስ ብሎ።

“ታዲያ ዓመት ሙሉ?”

“ፍጥነቴን ባሳይ ወደ ስድስተኛው መስመር ትልኪኝ ነበር።”

“አዎ፣ እልክሃለሁ!”

“አንቺ ደግሞ የምትቆሚው አንደኛው ጋ ነው።”

 ኔሊያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

“ይህ ፍጥነት እንዳለህ ባውቅ ከእናትህ ኋላ ነበር የማደርግህ። ገና ክንዳቸው ሲዝል ትይዛቸው ነበር፤ እጃቸው ብቻውን ከውሃ አይወጣም ነበር። ሰው አዳንካቸው ብሎ ያጨብጭብልህ። እኔ አላጨበጭብም።”

“ምን አልክ?” አለች ዶኛ። ኔሊያን አላየቻትም፤ የምታየው ልጇን ነው። “አሁን ምን አልክ? ለእኔ ብለህ አልነበረም?”

ኤስቴባን አንገቱን ደፋ። ያ ልጅ በዚያች ደቂቃ ቢዋሻት ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አልዋሸም።

ዶኛ ፑሪንግ ፎጣውን አጥብቃ ያዘችና ወደ ኔሊያ ዞረች። “አባትሽ አገዳዬን ሲቆርጥ ኖረ” አለቻት። “አንቺ ደግሞ ልጄን ከእኔ ቆረጥሽ።”

ኔሊያ አፏ ምላጭ ነው፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን እንደ ጥፋተኛ አሸዋውን አየች። ዶኛ በእርጥብ ልብሷ ሄዳ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ወትሮ ከልጇ ጎን ነበር የምትቀመጠው። መኪናው ሲሄድ በመስኮቱ የታዩኝ የላስቲክ አበቦቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አሳዘኑኝ።

እና ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ባዶ ነበር።

ኤስቴባን ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ልብሱን አላወለቀም፤ እንቅልፍ እንዳላየ ፊቱ ይናገራል። ኔሊያ በክዳኑ የተዘጋ የሰሌዳ መጻፊያ ይዛ ቆማለች። ማንም ውሃ ውስጥ አልገባም። እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ከበሩ በኩል የጂፕኒ ጥሩምባ ተሰማና ዶኛ ፑሪንግ ገባች። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ከልጇ ጋር ስላልተነጋገረች በመኪናው አልመጣችም።

“ዶኛ! በጂፕኒ?” አለ ሮሚ። ሐዘኑም ቢሆን ምላሱን አያስቀርበትም። “ለመውረድስ እንዴት ብለው አስቆሙት?”

“ጣሪያውን ከውስጥ አንኳኳሁ። በጨዋ ደንብ።”

“ከፈቱልዎት?”

“ማሾፍህን ተው ሮሚ! ዛሬ ለአንተ ጊዜ የለኝም።”

ሄዳ ከልጇ በጣም ርቃ ቆመች። ኔሊያ ወደ እኛ ዞረች።

“ለእሁዱ መሻገሪያ ሌላ አሰልጣኝ ፈልጌላችኋለሁ። ጥሩ ሰው ነው። ፍጥነታችሁን ሁሉ እነግረዋለሁ።”

ጫጫታ ተነሳ። ነርሷ “ኧረ ኮች!” አለች። ሮሚ ብድግ አለ። “የዋሸው እሱ፣ የምትሄጂው አንቺ? የት አገር ነው እንዲህ የሚፈረደው? እሱ ይሂድ! ይቅርታ ኤስቴባን፣ እወድሃለሁ፣ ግን አንተ ሂድ።”

“እሱ አላታለለኝም” አለች ኔሊያ።

“እንዴት አላታለለሽም?”

“አውቅ ነበር።”

ኤስቴባን ራሱን ቀና አደረገ። እኔም ያን ጊዜ ነው የአንገቱና የመተንፈሱ ነገር እንደ መብረቅ የገባኝ። 

“ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ” አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ለራሷ የምታነበው ይመስላል። “ከግድግዳ ግድግዳ እናንተ ሠላሳ ጊዜ ስትቀዝፉ ለእሱ አሥራ አራት ይበቃዋል። እጁ ውሃ ሲነካ አይሰማም። ይህን የማላይ ከሆነ ኮች መባሌ ለምንድነው? ማናንግ ፌሊ ወደ አንድ ወገን ስትተነፍስ ቁም ስቅሏን አሳያታለሁ። እሱን አላረምኩትም። ባርመው ግማሹን ጊዜ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን ያዞርብኛል።”

ወደ ባዶው ሰሌዳ ዞረች።

“እሁድ ቡድኑን ስከፍል ስሙን ከእናቱ ኋላ ልጽፈው እችል ነበር። ግን ከጻፍኩት ማወቄን ያውቃል። ማወቄን ካወቀ ወደ ስድስተኛው መስመር ልልከው ግድ ነው። አንድ ሳምንት እንኳ ይቆይልኝ ብዬ ውሸቱን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። እኔ! ‘ስለ ፍጥነታችሁ እንዳትዋሹኝ’ የምለው እኔ! አሸዋው ላይ የጮኽኩት እሱ ላይ አይደለም። እሱ የሰጠኝ ውሸት ነው፣ እንዳመነ ሰው የሆንኩት ግን እኔ ነኝ።”

ኤስቴባን ተነሳ። “ኔሊያ።”

“ተቀመጥ።”

“አልቀመጥም። ዕድሜዬን ሁሉ ፍጠን ተብዬ ነው ያደግኩት። በትምህርቱ ፍጠን፣ በንግዱ ፍጠን፣ በትዳሩ ፍጠን። አንድ ዓመት ብዘገይ ያ ዓመት ብቻ ነው የራሴ የሆነው። አንቺም እንደዚያው ከሆንሽ ለምን ትሄጃለሽ? ምን ቀረን?”

“እናትህ!” አለች። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። “ያቺ እጅ ከውሃው ስትወጣ አይቻታለሁ። እወድሃለሁ ብል ያቺ እጅ አብራ ትነሳለች። ዛሬ ጠዋት ስነቃ ያንተን ፊት ልይ ስል እሷን ነው ያየሁት። እንዴት አድርጌ ነው እሷን አልፌ አንተ ጋ የምደርሰው? ንገረኝ!”

 ሁለቱም ቆመው ቀሩ፤ በመሀላቸው ያለው ጥቂት እርጥብ ሴራሚክ ነው፣ እሱን ግን አንዳቸውም መሻገር አልቻሉም። እኔ ልቤ ተቃጠለ። በስተርጅና የሰው ፍቅር እንዲህ ያቃጥላል ብዬ አላውቅም ነበር።

“ኢንዳይ።”

ዶኛ ፑሪንግ ናት። ቦርሳዋን አሁንም አቅፋለች።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጄ ወደ ውሃ ሳይገባ በፊት፣ ውጭ ጋዜጣ ሲያነብ ሳለ፣ የት ነበር የምትቆሚው?”

ኔሊያ ጥያቄው አልገባትም። “አንደኛው መስመር ጋ።”

“ያኔም?”

“ያኔም ዶኛ። ሁልጊዜ።”

“ለምን?”

“ከሁሉ በኋላ የሚደርስ ሰው ብቻውን መድረስ የለበትም።”

ዶኛ ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለውሃው መናገር ጀመረች። “ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱ ከእኔ ጎን ሄዶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስንሄድ ሁለት እርምጃ ቀድሞኝ ነው። እየሮጥኩ እከተለው ነበር። ይሄ ልጅ ከኋላዬ ሲዋኝ ሳይ፣ በመጨረሻ ለእኔ ብሎ የዘገየ ሰው ተገኘ አልኩ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ለባቾይ ቤቱ ልጅ ሳይቀር አወራሁ።” ቦርሳዋን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈች። “ለካስ የዘገየው ለሌላ ነው።”

“እማዬ…”

“አንተ ዝም በል፤ አንተን ገና አልጨረስኩህም።” አፍንጫዋን በመሀረብ ጠረገች፤ አገጯ ተመልሶ ቀና አለ። “ጻፊ፣ ኢንዳይ።”

“ምን ልጻፍ?”

“ሰሌዳው ላይ ነዋ! በዚያ ጋሪ ስንቀጠቀጥ የመጣሁት ሰው ሲላቀስ ለማየት አይደለም። ሁሉንም እንደ እውነቱ ጻፊ። ከዚያ ብትሄጂም ትሄጃለሽ።”

ኔሊያ የመጻፊያውን ክዳን ከፈተች። ማሟሟቂያውን ጻፈች፣ የእግር ምቱን ጻፈች፣ ዋናውን ሥራ ጻፈች፦ አራት ደቂቃ፣ ስድስት ጊዜ፣ ለሁሉም። ከዚያ ስሞቹን። የኤስቴባንን ስም ስድስተኛው መስመር ሥር ስትጽፍ ጥቂት ቆመች፤ አገጣጥማ ጨረሰችው። ከታች ደግሞ የእሁዱን መሻገሪያ ጻፈች፦ ዶኛ ፑሪንግ፣ ከኋላ ኤስቴባን። ዶኛ ተጠግታ አነበበችው። ቆቧን አጠለቀች።

ውሃው ውስጥ ገባን። ኤስቴባን በአምስት መስመሮች ማዶ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ዋኘን።

ያን ጠዋት በሁለቱም ወገን ተነፈስኩ፣ ማንም ሳያዘኝ፤ ሁለቱንም ማየት ስለፈለግኩ ነው። በአንዱ ትንፋሽ ስድስተኛው መስመር ላይ ያ ድምፅ የለሽ ክንድ ይታየኛል፤ እሱም አሁን በሁለቱም ወገን ነው የሚተነፍሰው፣ እንደ ደንቡ። በሌላው ትንፋሽ የኔሊያ ባዶ እግሮች ይታዩኛል። አንደኛው መስመር ዳር ናቸው። ከዶኛ ፑሪንግ ጋር እኩል፣ በዶኛ ፑሪንግ ፍጥነት ይራመዳሉ። ይህ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዶኛ ስትዋኝ ቀንድ አውጣም ትቀድማታለች።

መጀመሪያው አራት ደቂቃ አለቀ፤ ሁላችንም ግድግዳው ላይ ነን። ዶኛ መነጽሯን ሳታነሳ ቀና ብላ አየች፤ እግሮቹ አሉ። ሁለተኛው አለቀ፤ አየች፤ አሉ። በሦስተኛው ላይ ዶኛ መሀል ላይ ደክሟት ገመዱን ያዘች። ማዶ የባንክ ሠራተኛውና ኤስቴባን እየተሽቀዳደሙ ገንዳው ሁሉ ይጮኻል፤ ማንም አሰልጣኝ ቢሆን ዞሮ የሚያየው ትዕይንት ነው። ኔሊያ አልዞረችም። ዳሩ ላይ ተንበርክካ “ይተንፍሱ ዶኛ። ጊዜ አለን። እኔ እዚህ ነኝ” ስትላት ሰማሁ።

ዶኛ ተነፈሰች። ቀሪውን ቀዝፋ ደረሰች። ፊሽካው ያን ጊዜ ተነፋ፤ ዘግይቶ እንደተነፋ እኔም ሮሚም እናውቃለን፣ ማንም አልተናገረም።

ግድግዳውን ይዘን ስናርፍ ኔሊያ ከእኛ በላይ ቆማለች። ማዶ ኤስቴባን መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ ወደ እኛ ያያል። ወደ እናቱ ይሁን ወደ እሷ አይታወቅም፤ እኔን አይደለም መቼም። ኔሊያ አታየውም። ላለማየት አንገቷ ደርቋል።

“ሂጂ” አለች ዶኛ ፑሪንግ።

“ምን አሉኝ?”

“ሂጂ ወዲያ። ክርኑ ተበላሽቷል፣ አርሚው።”

“ክርኑ ደህና ነው ዶኛ።” እግሮቿን ዳሩ ላይ ተከለች። “እኔ ከዚህ አልሄድም።”

“አየሁ። አለመሄድሽን አየሁ፤ ዓይን አለኝ።” ዶኛ ሁለት እጆቿን ከግድግዳው ለቀቀችና በእግሯ ቆመች። “ተመልከች። እዚህ ጋ ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። የትም አልወሰድም። ሂጂ።”

“ዶኛ…”

“ኮች” አለች ዶኛ ፑሪንግ። “ሂጂ አልኩሽ።”

ኔሊያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ሄደች። በሁለተኛው መስመር አለፈች፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው። ነርሷ አንገቷን ደፋችላት፤ ሮሚ ውሃ ፊቱ ላይ ረጨ።

ዶኛ ፑሪንግ አልዞረችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ የሴራሚኩን ስንጥቅ ታያለች።

“ደረሰች?” አለችኝ።

“ደረሰች።”

“ምን እያደረገች ነው?”

“ተንበርክካለች። ክርኑን ይዛለታለች።”

ዶኛ ራሷን ነቀነቀች። እጇ ከውሃው ሥር እጄን ፈልጎ ያዘ፤ ቀጣዩ ፊሽካ እስኪነፋ አልለቀቀችኝም። ፊሽካውም ቶሎ አልተነፋም።